በስልክ የተጮኸ ሒስ

በአሰበ ተፈሪ የሙዚቃ ሒስ የሚጻፈው ሙዚቃው ከመሰማቱ በፊት ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። «ጎሕ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ የሚታተመው ድሬዳዋ ነው፤ ጽሑፍ የሚቀበለውም እስከ ቅዳሜ ምሽት ብቻ ነው። ፖስታ የሚጭነው መኪና ከእኛ ከተማ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ተነሥቶ ቁልቁል ሚኤሶ ይወርዳል፤ ከዚያ ባቡሩ ተቀብሎ ድሬዳዋ ያደርሰዋል። የማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ዝግጅት ደግሞ ገበያተኛው እንዲታደም ተብሎ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ይጀመራል። እንግዲህ ጸሐፊ ምን ያድርግ? የጋዜጣው ወኪል የነበሩት አቶ አምባው ዘዴ ዘየዱ። ጠዋት ዘፋኙ ቤት ቁርስ ይጋበዛሉ፤ ጥብሱን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ገና ያልተዘፈነውን ዘፈን «ተዘፈነ»፣ ገና ያልመጣውን ሕዝብ «አዳራሹን በጭብጨባ አናወጠው» ብለው ይጽፉና ለሾፌሩ ይሰጡታል። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ።

አንድ ክረምት አዳራሹን ጎርፍ ሞልቶት ዝግጅቱ ተሰረዘ። ማክሰኞ የመጣው ጋዜጣ ግን ሕዝቡ አዳራሹን በጭብጨባ እንዳናወጠው አወራ። ቅር ያለው ሰው አልነበረም። እንዲያውም «እንዲያ ያለ ቀን መቼ ይገኛል!» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች አሉ።

እኔ ሰርክአዲስ እባላለሁ። የተወለድኩት አንኮበር ነው፤ መምህርት ሆኜ የተመደብኩት ግን ባላገሩ ጭሮ ወደሚላት ወደዚህች ከተማ ነው። አማርኛና መዝሙር አስተምራለሁ። ቁጡ ነሽ ይሉኛል። ውሸት ሲያይ ደሙ የሚፈላ ሰው ሁሉ ቁጡ ከተባለ፣ አዎ፣ ነኝ።

በ1956 ዓ.ም. ክረምት የአቶ አምባው ዓይን ደከመ። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ውክልናውን አንቺ ያዢው» አሉኝ።

«ስለ ሙዚቃ ምን እንደማስብ አይጠይቁኝም?»

«ማሰብ ምን ይሠራል? ጽሑፉ ያለቀ ነው። ስሙን ብቻ እየለወጥሽ መላክ ነው።»

«አቶ አምባው፣ ሳይሰሙ ማመስገን ምን የሚሉት ነገር ነው?»

ኮስተር አሉ። «ስሚ። ይህች ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ የነቀፍሽውን ሰው ነገ ቤተ ክርስቲያን ታገኚዋለሽ፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ቤት አብረሽው ትቀመጫለሽ። እኔ በዚህ ብዕር ማንንም አስከፍቼ አላውቅም። ሁሉንም አመሰገንኩ፣ ሁሉም ደስ አለው። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ሁሉንም በአንድ ቃል ካመሰገኑማ ማንንም አላመሰገኑም» አልኳቸው።

ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነበር። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

የከተማው እውቅ ሙዚቀኛ ሽፈራው ይባላል። አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም የግራዝማች ሙሉዓለም የእህት ልጅ ነው። ከእርሱ ጋር ጸብ አለኝ። በትምህርት ቤቱ መዝጊያ በዓል ልጆቼ ስንት ሳምንት የተለማመዱትን መዝሙር ሲዘምሩ፣ ይህ ሰው ማንም ሳይጠራው አኮርዲዮኑን አንጠልጥሎ መድረክ ላይ ወጣና ከላያቸው ላይ ተጫወተባቸው። የልጆቹ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። ጋዜጣው ደግሞ «አቶ ሽፈራው ሕፃናቱን አጅቦ ሕዝቡን አስፈነደቀ» አለ። ያን ቀን ሆዴ የገባው እሳት እስከ ክረምቱ አልጠፋም። ስለዚህ ውክልናውን ስቀበል ግማሽ ልቤ ለእውነት ነበር፤ ግማሹ ግን እግዜር ሽፈራውን እጄ ላይ እስኪጥልልኝ ይጠብቅ ነበር።

ብዙም አልጠበቅሁ። መስከረም እንደጠባ ከሐረር ማስታወቂያ መጣ። ለዘውድ በዓል እያንዳንዱ አውራጃ አንድ የሙዚቃ ተወካይ ይልካል። የሐረሩ ኮሚቴ ከተማ ለከተማ አይዞርም፤ የሚመርጠው «ጎሕ» ላይ የሚወጣውን አንብቦ ነው። በጨርጨር አውራጃ ስም ማን እንደሚሄድ የሚወስነው እንግዲህ በመስከረም መጨረሻው ቅዳሜ የሚደረገው ዝግጅት ነው። ትክክሉን ልናገርና፣ የሚወስነው ስለ ዝግጅቱ የሚጻፈው ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ከቦኬ የመጣች ሞሚና የምትባል ልጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰርግ ላይ ትዘፍናለች። ሱሌይማን የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ በወንድሙ ሰርግ ላይ ሰምቷት፣ ማዘጋጃ ቤቱን ለምኖ ስሟን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባላት፤ ግን ከሁሉም መጨረሻ ላይ፣ «ጊዜ ከተረፈ» ተብሎ።

«መምህርት፣ ጋዜጣ የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉ» አለችኝ። እንደ ብዙ የገጠር ሰው «እርስዎ» ማለትን አልለመደችም፤ እኔም ደስ አለኝ።

«ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ሐረር መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም። ሳትሰሚኝ አትጻፊ። መጥፎ ናት ካልሽ ጻፊው፤ ወላሂ አልቀየምሽም። ግን ሰምተሽ ጻፊ።»

ቃል ገባሁላት። ቃል ከገባሁ በኋላ ነው የፖስታው መኪና ትዝ ያለኝ። እኔ ሰምቼ ስጨርስ መኪናው ሚኤሶ ወርዶ፣ ባቡሩም ድሬዳዋ ገብቶ ያድራል። ሳልሰማት ብጽፍ ውሸታም ነኝ፣ ሰምቼ ብጽፍ ጽሑፌ አይደርስም። ሁለት ቀን ሙሉ ልጆቹን በከንቱ ስቆጣቸው ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ግራዝማች ቁርስ ጠሩኝ። ስገባ አቶ አምባው ከጥብሱ ፊት ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ ሽፈራው ጥግ ይዞ አኮርዲዮኑን ይወለውላል።

«ብዪ፣ ቅመሺና ጻፊ፤ መኪናው ሊነሣ ነው» አሉ ግራዝማች።

«ምን ልጻፍ ግራዝማች? ገና አልሰማሁም እኮ።»

«ሽፈራውን ሰምተሽው የማታውቂ ይመስል!»

«እሱንስ ሰምቼዋለሁ። ልጆቼ ናቸው ያልተሰሙት።»

ሽፈራው ቀና ብሎ አየኝና መልሶ መወልወሉን ቀጠለ። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «መምህርት፣ ቦርደዴ አስተማሪ አጥቷል ሲሉ ሰማሁ። ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ ላንቺ ይስማማሽ ይሆን?»

«እሱን እግዜር ያውቃል» ብዬ ተነሣሁ።  ጥብሱ ሸትቶኝ ሆዴ መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ ሄደ።

የስልክ ቤቱን አልፌ ስሄድ ስልከኛው ዘይኑዲን በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ።

«ዘይኑዲን፣ እስከ ስንት ሰዓት ትሠራለህ?»

«እስከ አሥራ ሁለት።»

«የድሬዳዋ መስመር ይገኛል?»

«ኢንሻአላህ ይገኛል። ግን መጮህ ነው። ምነው፣ መርዶ አለ እንዴ?»

«መርዶ አይደለም። ሙዚቃ ነው።»

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። በዚህ ከተማ ስልክ የሚደወለው ለመርዶና ለመንግሥት ሥራ ብቻ ነበር። «ለዘፈን?» አለ፤ እንደ እብድ አየኝና «እሺ፣ ነይ» አለኝ።

ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መግቢያ ያጡት በመስኮት ተንጠለጠሉ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ እርሳሴን ስዬ ተቀመጥኩ። አቶ አምባው በዚህ ሰዓት ቤታቸው መተኛት ሲገባቸው ከኋላዬ መጥተው ተቀመጡ። የእኔን ጉድ ሊያዩ የመጡ መሰለኝ።

ሽፈራው ወጣ። አራት ዘፈን ተጫወተ። ጣቱ ፈጣን ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ይቸኩላል። ስንኙ ሳያልቅ የሚቀጥለውን ይጀምራል፤ ዘፈኑ ከኋላው «ጠብቀኝ» እያለ ይሮጣል። እኔ ደስ ብሎኝ እርሳሴ እንደ ጉድ ይጽፍ ጀመር። «አኮርዲዮን ነው ወይስ የቀጥቃጭ ወናፍ?» ብዬ ጻፍኩ። «ከተማችን ዛሬ በነፋስ ተመታች» ብዬ ጨመርኩ። ሰው ሊሳደብ ሲያስብ ቃሉ እንዴት ይፈስለታል!

በሦስተኛው ዘፈን መሐል ግን በአንድ ነገር ደነገጥኩ። ጆሮዬ እየሰማ አልነበረም። እጄ የሚጽፈው ዛሬ የሰማሁትን ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ በዓል ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ያጠራቀምኩትን ነበር። ታዲያ ከአቶ አምባው በምን ተሻልኩ? እርሳቸው በጥብስ ይጽፋሉ፣ እኔ በቂም እጽፋለሁ፤ ሁለታችንም ሳንሰማ። ተናደድኩ፤ በዚህ ጊዜ በራሴ ነው። ወናፉንም ነፋሱንም ሰረዝኩ። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጬ እጄን አጣምሬ አራተኛውን ዘፈን ሰማሁ። አሁንም ይቸኩል ነበር። ግን አሁን ይህን የሚለው ጆሮዬ እንጂ ቂሜ አልነበረም።

ሌሎችም ዘፈኑ፣ ማሲንቆ ተመታ፣ ግራዝማች ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ረዘመ። ሆን ብለው ያስረዘሙት መሆኑ ለሁላችንም ገብቶናል፤ ጊዜ እንዳይተርፍ ነው። ከመስኮት «ሞሚና! ሞሚና!» የሚል ጩኸት ሲበረታ ወረቀታቸውን አጥፈው ወረዱ።

ሞሚና ብቻዋን ወጣች። ከበሮ የምትመታላት አክስቷ ከቦኬ በተነሣው መኪና ላይ ቦታ አጥታ ቀርታለች። ልጅቷ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ በመዳፏ ማጨብጨብ ጀመረችና በኦሮምኛ ዘፈነች። ግማሹ ቃል አልገባኝም፤ ከእናቷ ቤት ስለምትወጣ ሙሽራ መሆኑን ብቻ ያዝኩ። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ከታች ይነሣና ሳይቸኩል ይወጣል።  ከመስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት እንኳ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አሰገጉ።

በሁለተኛው ስንኝ ላይ ከመድረኩ ጥግ አኮርዲዮን ተሰማ።

ሽፈራው ነው። ማንም አልጠራውም።  «ሊያጠፋት ነው!» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ይህን በጩኸት ማለቴን ኋላ ነው የነገሩኝ። ያን ጊዜ በልጆቼ ላይ ያደረገውን በሞሚና ላይ ሊደግመው ነው ብዬ መድረክ ላይ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

አላጠፋትም። አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይዞ ከሥሯ ገባ። ድምፅዋ ወርዶ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ እየያዘላት ይጠብቃል፤ ስትነሣ እርሱ ዝም ይላል። ጣቱን ሊያሳይ አልሞከረም። ሕዝቡን እንኳ አላየም፤ ዓይኑ የልጅቷ አፍ ላይ ተተክሏል። ሞሚናም ሰማችው፤ ትከሻዋ ዘና አለ፣ ማጨብጨቧን ተወችና እጆቿን ዘርግታ ዘፈነች። ሴቶቹ ከኋላ ተቀበሏት። ከዚያ ወንዶቹ ተቀበሏት። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። እንባዬ ወረደ፤ አላፈርኩም።

ሲያልቅ የሆነውን መናገር አልችልም። ዓመታት ሙሉ በጋዜጣ የተናወጠው አዳራሽ ያን ቀን በእውነት ተናወጠ።

እኔ ግን ደስታዬ ሳያልቅ ጭንቀቴ ጀመረ። ስጠብቀው የኖርኩት ሽፈራው እጄ ላይ ወደቀ፤ ወድቆ ግን እንዳመሰግነው የሚያስገድደኝን ነገር አደረገ። ይህ ሰው አሁንም ክፉ ባላንጣዬ ነው፤ ዛሬ ግን በሕይወቴ ከሰማኋቸው አጃቢዎች ሁሉ በለጠ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብተወው ከዛሬ ጀምሮ ብዕሬን መስበር አለብኝ።

ወደ ስልክ ቤት ሮጥኩ። ሕዝቡ ወዴት እንደምሮጥ ሲሰማ ተከተለኝ። ሞሚና መጣች፣ ሽፈራው አኮርዲዮኑን እንዳዘለ መጣ፣ አቶ አምባው በትራቸውን ይዘው መጡ፣ ግራዝማች ከሁሉም በኋላ ደረሱ። ስልክ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የገባው ገባ፣ የቀረው በርና መስኮቱን ዘጋው። ዘይኑዲን ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆይቶ መስመሩን ሰጠኝ።

«ሃሎ! ጎሕ ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ነው! ማን ልበል?» አለ የጋዜጣው አዘጋጅ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

«ሰርክአዲስ! የአሰበ ተፈሪ ወኪል!»

«አዎ! ጽሑፍሽ ደርሶናል! ለማተሚያው ፊደሉም ተለቅሞ አልቋል!»

ክው አልኩ። «የምን ጽሑፍ? እስቲ አንብብልኝ!»

እርሱ ያነባል፣ እኔ በትክክል መስማቴን ለማወቅ ቃሉን እየጮኽኩ እመልሳለሁ፤ ሕዝቡም ይሰማል። «አቶ ሽፈራው በአኮርዲዮኑ ሕዝቡን አስፈነደቀ... ሕዝቡ አዳራሹን በጭብጨባ አናወጠው... ሞሚና የተባለችው ዘፋኝ ጊዜ ባለመኖሩ አልቀረበችም...»

«አልቀረበችም» ስል ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። ሞሚና አጠገቤ ቆማለች፤ የግንባሯ ላብ ገና አልደረቀም።

«ይህ ጽሑፍ በስንት ሰዓት ደረሰህ?» አልኩት።

«በአሥር ሰዓት! በባቡር!»

«ዝግጅቱ ያለቀው አሁን ነው! አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ! እንዴት አድርጎ ነው ሳያልቅ የተጻፈው?»

 «ታዲያ ማን ጻፈው?» አለ አዘጋጁ።

ዞር ስል ሰው ሁሉ አቶ አምባውን እያየ ነው። ከጠዋቱ ቁርስ እኔ ስወጣ እርሳቸው ቀርተው ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መጥተው እጀታውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«አምባው ነኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ፤ መጮህ ስላልለመዱ ሁለቴ ደገሙት። «ስማኝ ልጄ። የእኔን አውጥተህ ጣለው። ያን ስጽፍ አልሰማሁም ነበር። አሁን ሰማሁ።»

እጀታውን መልሰው ሰጡኝና አጠገቤ ቆሙ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነበር። ለምን ቤታቸው ሳይተኙ እንደመጡ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ መስማት አምሯቸው ኖሯል።

«እንግዲያው ባዶ ቦታ ቀረኝ! ንገሪኝ፣ ልጻፍ! ጮክ በይ!» አለ አዘጋጁ።

ብቻን ሆኖ መጻፍና ሰው ፊት መጮህ ለየቅል ነው። ቤቴ ዘግቼ ብጽፍ የሽፈራውን ፊት አላየውም። አሁን ግን በሩን ተደግፎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ቢላዋውን እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ትንፋሼን ሳብኩ።

«ጻፍ! ይህን የምጽፈው ሰርክአዲስ፣ ከአቶ ሽፈራው ጋር ቂም እንዳለኝ አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ!»

«ምን? ምን አለሽ?»

«ቂም! ቂም አለኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽፈራው ራሱ ሳይወድ ሳቀ።

«ቀጥል! አቶ ሽፈራው ለብቻው በተጫወታቸው ዘፈኖች ላይ ይቸኩላል! ጣቱ ይደርሳል፣ ዘፈኑ ግን አይደርስበትም!»

«አልሰማሁም! ድገሚው!»

ደገምኩት። መስኮት ላይ የተንጠለጠሉት ውጭ ላሉት በኦሮምኛ አስተላለፉት። «ዱጋ! ዱጋ!» የሚል ድምፅ ተመለሰ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ሽፈራው ሳቁ ጠፋ፣ ፊቱ ቀላ። ግራዝማች በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«በቃ! ዝጋው ይህን ስልክ!»

ዘይኑዲን ከወንበሩ አልተነሣም። «ግራዝማች፣ ይቅርታዎን፤ መስመር የያዘ ሰው አይቋረጥም። ደንብ ነው።»

አሁን የከበደኝ ጋ ደረስኩ። ነቀፋውን ጮኼ ተገላገልኩት፤ ምስጋናው ግን ገና ቀረኝ። ባላንጣን ከተማ ሙሉ ሰው ፊት ማመስገን እንዴት ያለ ሕመም ነው!

«ከሞሚና ጋር ሲጫወት ግን ሌላ ሰው ነው!» አልኩ። «ሊሸፍናት ይችል ነበር፣ አልሸፈናትም! ድምፅዋ የሚያርፍበትን ቦታ ይዞ ጠበቃት! መቼ ዝም እንደሚባል የሚያውቅ ሙዚቀኛ በዚህ ከተማ ከዛሬ በፊት አልሰማሁም!»

«የመጨረሻውን ድገሚው!» አለ አዘጋጁ። ያን ጊዜ ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ ባንቀው ደስ ባለኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ቀለለኝ፤ ደግሞም ይበልጥ እውነት ሆነ። ሽፈራውን ማየት ስላቃተኝ ግድግዳውን እያየሁ ነው የጮኽኩት።

«ስለ ሞሚና ጻፍ! የዘፈነችበትን ቋንቋ ግማሹን አላውቅም፤ ስለ ግጥሙ አልፈርድም! ስለ ድምፅዋ እፈርዳለሁ! መጨረሻው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጥሯታል!»

ሞሚና ራሷን ነቀነቀች። «አጥሮኛል» አለች።

«ሌላ እንከን አላገኘሁባትም! ፈልጌ አጣሁ! አዳራሽ ሙሉ ሰው እናቱን ትቶ የሚሄድ መሰለው! ከጨርጨር ሐረር የሚሄድ ሰው ካለ ይህች ልጅ ናት!»

እልልታው ከውጭ ጀመረና ወደ ውስጥ ገባ። ጭብጨባው የቆርቆሮውን ጣራ አንቀጠቀጠው። ዘይኑዲን ሽቦው እንዳይበጠስ ማሽኑን በሁለት እጁ አቀፈ።

«ያ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለ አዘጋጁ።

«ሕዝቡ ነው!» አልኩት። «እሱንም ጻፈው! አሁን ሰምተኸዋል!»

«ከታች ‹ከወኪላችን› ልበል?»

«አትበል! ሰርክአዲስ ብለህ ጻፍ!»

ግራዝማች ማንንም ሳያዩ ወጡ። እኔ ያን ማታ ሻንጣዬን አውርጄ ልብሴን አጣጥፌ ጨረስኩ፤ ቦርደዴ መሄዴ አልቀረም ብዬ ነው። ማክሰኞ ጋዜጣው መጣ። እያንዳንዱ ቃል፣ ቂሙም ትንፋሹም ሳይቀር ታትሞ ወጥቷል። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ያነባል፣ ሃያ ሰው ይሰማል፤ እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። ነቀፋ የጻፈ ሰው ይደበደባል ሲባል የሰማሁት እኔ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ ዘይኑዲን እየሮጠ ትምህርት ቤት መጣ። ከሐረር ተደውሏል። ኮሚቴው ሞሚናን መርጧል፤ «ያ ዝም ማለት የሚያውቀው አኮርዲዮን ተጫዋችም አብሯት ይምጣ» ብሏል። ልጆቹን ለቀቅኳቸው፤ ከእኔ ቀድመው ከተማውን አዳረሱት። ሱሌይማን ሱቁን ዘግቶ ለሞሚና አዲስ ልብስ ሊያስለካ ይሯሯጥ ጀመር። ግራዝማች ወሬው ሲደርሳቸው ትንሽ አሰቡ አሉ፤ ምሳ ሳይደርስ ግን አደባባይ ላይ ቆመው ይህን ድል ከተማችን እንዴት በማዘጋጃ ቤቱ ጥረት እንዳገኘችው ንግግር ያደርጉ ነበር። የቦርደዴ ነገር ዳግም አልተነሣም። እኔም ከሕዝቡ መሐል ቆሜ አጨበጨብኩላቸው። ደስታ ሲበዛ ለሁሉም ይደርሳል።

ሐረር የሚወስዳቸው መኪና የተነሣ ቀን ከተማው ሁሉ ሊሸኝ ወጣ። ሞሚና ጋቢናው ውስጥ ከአክስቷ ጋር ተቀምጣለች፤ ከበሮው ጭናቸው ላይ ነው። ሽፈራው ከኋላ ከጆንያው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ስልክ ቤት ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም ነበር። ሲያየኝ ወርዶ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ አገጬን ቀና አደረግሁ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ተመስግኜአለሁ» አለ። «አንድም ሰው የትኛውን ዘፈን እንደወደደው ነግሮኝ አያውቅም። አጨበጨቡ ይባላል፣ በቃ። የሰማኝ ሰው እንዳለ ያወቅሁት አንቺ ስትጮኺ ነው።»

ያቀናሁትን አገጬን ዝቅ አደረግሁ። 

«ደግሞ ቂም አለኝ አልሽ» አለ። «አለሽ እንዴ አሁንም?»

«አለኝ» አልኩት። «ያንን ለልጆቼ ትክሳለህ።»

«እክሳለሁ።» የአኮርዲዮኑን ማንገቻ ትከሻው ላይ አስተካከለ። «የቸኮልኩት የት ላይ ነው?»

«ምን?»

«አራቱ ዘፈኖች ላይ። የት የት ላይ ነው የቸኮልኩት? አሳዪኝ።»

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። እኔ ግን በመኪናው ጎን ላይ በመዳፌ ምቱን መታሁለት፤ ስንኙ የሚያልቅበትን፣ ሰው የሚተነፍስበትን፣ እርሱ የሚዘልበትን ቦታ አሳየሁት። ተጫወተው። ቸኮለ። ራሱ ሰማው፣ ሳቀ፣ እንደገና ጀመረ። ሞሚና በጋቢናው መስኮት ራሷን አውጥታ «እዚያ ላይ! እዚያ ላይ ጠብቅ!» እያለች ትጮኻለች፤ ሸኚው ሁሉ ምቱን ይዞ ያጨበጭባል። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘሎ ወጣና ጆንያው ላይ ሆኖ ከመጀመሪያው ጀመረው። አቧራው ሸፍኖት ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት። አልቸኮለም።